ጥሩምባው አልቀላም አለ

ተረት የሚወድ ጆሮውን ያውሰኝ፣ ስልክ የያዘ ስልኩን ይገልብጥ። የማወራችሁ ከጥንት ሳይሆን ካቻምና ክረምት ነው፤ ቢሆንም ተረት ነውና እንደ ተረት ስሙት። ብትስቁ አልከለክልም፤ ግን ቀስ ብላችሁ ሳቁ፣ ያፈረ ሰው ላይ ጮክ ብሎ መሳቅ ነውር ነው።

ሾላው ሥር በሚባል ሰፈር አሰገደች የምትባል ሴት ነበረች። የሰፈሩ እድር ኮሚቴ አባል ናት። እድሩ በዚያው ዓመት ዘመነና የስልክ አፕ አሠራ። አፑ ከስክሪኑ ግርጌ በተርታ የተደረደሩ አራት ምልክቶች አሉት፦ ጥሩምባ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት። የሰው ስም መርጠህ ድንኳኑን ስትነካ “ድንኳን ይውጣ” የሚል መልእክት ለዚያ ሰው ይሄዳል። ስም መርጠህ ጥሩምባውን ስትነካ ግን “እገሌ አርፈዋልና ድረሱ” የሚል መልእክት ለሁለት መቶ አርባ አባል ይሄዳል። አራቱም ምልክቶች አመድማ ናቸው፤ ጥቁር ላይ አመድማ። ጥሩምባው አፉን ወደ ታች ደፍቶ ተስሏል፤ ድንኳኑም ከላይ ሾጠጥ ከታች ሰፋ ያለ ነው። በዚያች ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ሁለቱን የሚለይ ዓይን ያለው ሰው ይቅረብና ላሞግሰው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ጎረቤቷ ለልጇ ምርቃት ድንኳን ጠየቀቻት። የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ያለው ጋሽ ማንደፍሮ ዘንድ ነው። ጋሽ ማንደፍሮ አፑ ሳይመጣ በፊት አርባ ዓመት ሙሉ ማለዳ እየዞሩ የሰው ሞት በጥሩምባ ሲለፍፉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አፑ ሲመጣ ጥሩምባቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ቁልፉ ብቻ ቀረላቸው። አሰገደች የጋሽ ማንደፍሮን ስም መረጠች፤ ድንኳን ነው ብላ ነካች፤ ስልኩን አስቀመጠችና ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ሽንኩርቱ ተልጦ ሳያልቅ ዋይታ ተሰማ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። “ማን ሞተ?” ስትል “ጋሽ ማንደፍሮ” አሏት። መንገድ ላይ ስልኳን ከፈተች። የነካችው ድንኳን አልነበረም። በዚያች ደቂቃ “ኧረ ቆዩ፣ ተሳስቼ ነው” ብትል ኖሮ እኔም የማወራው፣ እናንተም የምትሰሙት አይኖርም ነበር። አላለችም። ደጁ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ከሽንኩርቱ ቀልቷል፤ ሴቶቹ አይተዋት “እሷስ ቀድማ አልቅሳ ነው የመጣችው” ተባባሉ። አፈረች። ያፈረ ሰው ደግሞ የሚያደርገውን አያውቅም፤ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች፦

“የሰፈሩን ሞት ሲነግር ኖሮ፣
የራሱን ሳይነግር ሄደ ማንደፍሮ።”

ሰው ሁሉ በግጥሙ ተንሰቀሰቀ። ይሄኔ ጋሽ ማንደፍሮ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ከጓሮ ብቅ አሉ። ግቢያቸው ሐዘንተኛ ሞልቶታል። ምንም ሳይጠይቁ ዘው ብለው ገቡና ጥሩምባቸውን ከግድግዳው አውርደው ወጡ። “ማን ነው የሞተብን? ንገሩኝና ልንፋ” አሉ። የሚነግራቸው ጠፋ። በመጨረሻ አንዱ መሬት መሬት እያየ “እርስዎ ነዎት” አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ “አፑ አብዷል” አለ፤ አፑን የሠራውን ሱራፌልን ረገመው። ምልክቶቹ በሰባት የኮሚቴ ሰዎች ስልክ ላይ ነው ያሉት፤ አፑ ደግሞ ማን እንደነካው አይመዘግብም። አሰገደች ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጣት ወለምታ ጭራሽ ወጌሻም አልተገኘለት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነና ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ጀመር። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ፈለገች። ያ ጥሩምባ ቀይ ይሁንላት። ቀይ ከሆነ ሁለተኛ አትስትም፤ የመጀመሪያውም ማንም ሳያውቀው ይቀራል።

ወደ ሱራፌል ሄደች። ሱራፌል ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ደርድሮ የሚሠራ ጎልማሳ ነው።

“ሱሬ፣ ያቺን ጥሩምባ ቀይ አድርግልኝ” አለችው።

“ለምን እትዬ?”

“እንዲያው፣ ሰው ይሳሳታል።”

“ማን ተሳሳተ?”

“እንዲያው ሰው።”

ሱራፌል ወንበሩን ወደሷ አዞረ። “እትዬ አሰገደች፣ አፑ አላበደም። ጣት ነክቶታል። የነካው ሰው ‘እኔ ነኝ’ ይበል፤ እርስዎ ሻይዎን ጠጥተው ሳይጨርሱ አቀላዋለሁ። እንዲሁ ብቀይረው ግን ጥፋቱ የኔ ነበር ማለት ነው። ባለቤቴ እንኳ በኔ የተነሳ እድር መውጣት አፍራለች። ቀለሙን ያወጣችው ቤዛዊት ናት፤ እሷ አዲስ ቀለም ከሰጠችኝ እቀባለሁ፣ ካልሰጠችኝ አልቀባም።”

አሰገደች አፏን ከፈተች። ከዚያ “እሺ ልጄ” ብላ ዘጋችው። የሱራፌልን ሚስት እያሰበች ደረጃውን ወረደች።

ጥሩምባው አልቀላም አለ፤ ሱራፌል አልቀባም አለ፤ አሰገደችም እኔ ነኝ አልልም አለች።

ወደ ቤዛዊት ሄደች። ቤዛዊት ምልክቶቹን የሣለችው ሴት ናት፤ ገበያው ጥግ ማስታወቂያ ቤት አላት።

“ቤዛዬ፣ ለሱራፌል ቀለም ስጪልኝ፤ ሱራፌል ካልቀባ ጥሩምባው አይቀላም” አለቻት።

ቤዛዊት ብሩሿን አስቀመጠች። “መጀመሪያ ስሥል ምን ዓይነት አድርጌ እንደነበር ያስታውሳሉ?”

አሰገደች አሳምራ ታስታውሳለች። ጥሩምባው ቀይ፣ ድንኳኑ አረንጓዴ፣ ወንበሩ ቢጫ፣ ድስቱ ሰማያዊ ነበር። በኮሚቴው ፊት ሲቀርብ አንዲት ሴት ተነስታ “ይሄ እድር ነው ሠርግ? ሐዘን ቀለም አያምርበትም፣ አመድ ይሁን” ብላ ነበር። ሌሎቹም ተከትለው እውነት ነው፣ ነውር ነው አሉ፤ ጉባኤውም አጸደቀው።

“ማን እንዳለ ስም አልጠራም” አለች ቤዛዊት ዓይን ዓይኗን እያየቻት። “ግን አንዴ በቀለም አስለፍታችሁኛል፣ አንዴ በአመድ። አሁን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከእድሩ ዳኛ ካልመጣ አንዲት ጠብታ ቀለም አልሰጥም።”

አሰገደች ከማስታወቂያ ቤቱ ስትወጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ለካ አመዱም የሷ ነው። ጣቱም የሷ፣ አመዱም የሷ።

ጥሩምባው አልቀላም አለ፤ ሱራፌል አልቀባም አለ፤ ቤዛዊት ቀለም አልሰጥም አለች፤ አሰገደችም እኔ ነኝ አልልም አለች።

ወደ እድሩ ዳኛ ሄደች። ዳኛው አቶ ይርዳው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሰው ናቸው፤ ማኅተሙን በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል።

“አቶ ይርዳው፣ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ይምቱልኝ፤ ያለ ማኅተም ቤዛዊት ቀለም አትሰጥም፣ ያለ ቀለም ሱራፌል አይቀባም፣ ሱራፌል ካልቀባ ጥሩምባው አይቀላም።”

አቶ ይርዳው መነጽራቸውን አወለቁ። “ወይዘሮ አሰገደች፣ አመዱን በድምፅ ያጸደቀው ጉባኤ ነው። የጉባኤን ውሳኔ እኔ በማኅተም አልሽርም። እርግጥ ከኮሚቴው መሃል አንድ ሰው ‘የነካሁት እኔ ነኝ፣ ቀለሙ አሳስቶኝ ነው’ ብሎ ቢቀርብ አስቸኳይ ጉዳይ ነው ብዬ አሁኑኑ እመታዋለሁ። የሚያውቁት ሰው አለ እንዴ?”

“የለም” አለች አሰገደች።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ዝም ነው ያለችው እንጂ አልዋሸችም ነበር። አሁን ግን ዋሸች፣ ያውም ለዳኛ።

ጥሩምባው አልቀላም አለ፤ ሱራፌል አልቀባም አለ፤ ቤዛዊት ቀለም አልሰጥም አለች፤ ዳኛው ማኅተም አልመታም አሉ፤ አሰገደችም እኔ ነኝ አልልም አለች።

ጉባኤው ማን ነው ብትሉኝ ሁለት መቶ አርባ ሰው ነው፤ አፉ ግን አንድ ነው፣ እሱም ዘነቡ ናት። ዘነቡ ጉልት ላይ ድንች ትሸጣለች፤ እሷ እንሰብሰብ ካለች ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ አይሆንም ካለች አይሆንም።

“ዘነቡዬ፣ ጉባኤው ይቀመጥልኝ፤ ጉባኤው ካልተቀመጠ ዳኛው ማኅተም አይመቱም፣ ያለ ማኅተም ቤዛዊት ቀለም አትሰጥም፣ ያለ ቀለም ሱራፌል አይቀባም፣ ሱራፌል ካልቀባ ጥሩምባው አይቀላም።”

“በዚህ ነሐሴ ዝናብ ሜዳ ላይ ተቀመጡ ልበል? ጤናም የለሽ” አለች ዘነቡ ድንቿን በላስቲክ እየሸፈነች። “ድንኳን ይተከልና ይቀመጣል። ደግሞ የጥሩምባው ቀለም ነው የሚያስጨንቅሽ? ጋሽ ማንደፍሮ ከተቀየሙ ወዲህ ሦስት ሳምንት ድንኳን የለንም። እግዜር አያምጣውና ነገ ሰው ቢሞት ሐዘንተኛ ዝናብ ላይ ልናስቀምጥ ነው? ያንን ሽማግሌ የገደለው ጣት ይቆረጥ።”

አሰገደች እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ዘነቡ ሰላሳ ዓመት ጓደኛዋ ናት፤ የተረገመው ጣት የማን እንደሆነ ብታውቅ ምላሷን ትነክስ ነበር።

ጥሩምባው አልቀላም አለ፤ ሱራፌል አልቀባም አለ፤ ቤዛዊት ቀለም አልሰጥም አለች፤ ዳኛው ማኅተም አልመታም አሉ፤ ጉባኤው አልቀመጥም አለ፤ አሰገደችም እኔ ነኝ አልልም አለች።

ድንኳኑ ዘንድ ሄደች። ድንኳን ይለመናል ወይ አትበሉኝ፤ ጭንቅ ያለበት ሰው የማይለምነው የለም። በመጋዘኑ ቆርቆሮ ስንጥቅ አጮልቃ አየችው። ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተጋድሟል። ድንኳኑ መጋዘኑ ካልተከፈተ አልዘረጋም አለ። መጋዘኑ ላይ ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ መጋዘኑም ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ። ቁልፉ የት እንዳለ ደግሞ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

ጥሩምባው አልቀላም አለ፤ ሱራፌል አልቀባም አለ፤ ቤዛዊት ቀለም አልሰጥም አለች፤ ዳኛው ማኅተም አልመታም አሉ፤ ጉባኤው አልቀመጥም አለ፤ ድንኳኑ አልዘረጋም አለ፤ መጋዘኑ አልከፈትም አለ፤ አሰገደችም እኔ ነኝ አልልም አለች።

ሦስት ቀን በጋሽ ማንደፍሮ በር ላለማለፍ በወንዙ በኩል ስትዞር ሰነበተች። ጫማዋ በጭቃ አለቀ። ኮሚቴው ለቁልፉ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ጋሽ ማንደፍሮ ሁለቱንም ጊዜ በር ሳይከፍቱ “የሞተ ሰው ቁልፍ አያቀብልም” ብለው መልሰዋቸዋል። በአራተኛው ቀን እዚያ ማዶ አንድ አዛውንት ሕመም ጠናባቸው የሚል ወሬ ሰማች። ዘነቡ ስለ ድንኳኑ ያለችው ትዝ አላትና ተነስታ ሄደች።

በሩን አንኳኳች።

“የሞተ ሰው በር አይከፍትም” አሉ ጋሽ ማንደፍሮ ከውስጥ።

“እኔ አሰገደች ነኝ፣ ጋሼ።”

ትንሽ ቆይተው ከፈቱላት። ቁመታቸው እንዳለ ነው፤ ፊታቸው ግን ከስቷል። በርጩማ ሰጥተዋት ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

“ቁልፉን ፈልገሽ ነው?”

አሰገደች ሌላ የምትለው ስለጠፋት ያንኑ የለመደችውን ለፈለፈችው። “ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ፤ ያለ ቁልፍ መጋዘኑ አይከፈትም፣ መጋዘኑ ካልተከፈተ ድንኳኑ አይዘረጋም፣ ድንኳኑ ካልተዘረጋ ጉባኤው አይቀመጥም፣ ጉባኤው ካልተቀመጠ ዳኛው ማኅተም አይመቱም፣ ያለ ማኅተም ቤዛዊት ቀለም አትሰጥም፣ ያለ ቀለም ሱራፌል አይቀባም፣ ሱራፌል ካልቀባ ጥሩምባው አይቀላም።”

ጋሽ ማንደፍሮ ጣታቸውን እያጠፉ ሲቆጥሩ ነበር። “እኔም የገደለኝ ሰው ካልመጣ ቁልፉን አልሰጥም ብያለሁ። እንግዲህ ከኔ በስተኋላ አንድ ይቀራል። እሱ ነው ሁሉን አስሮ የያዘው። ማን ነው?”

አሰገደች በርጩማው ከነሷ መሬት ቢገባ ወደደች።

“እኔ ነኝ” አለች።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። እሷ ከጀመረች ወዲያ ማቆም አልቻለችም። ድንኳን መስሏት እንደነካችው፣ መንገድ ላይ እንዳወቀችው፣ አውቃም ደረቷን እንደደቃች፣ ሱራፌል ሲረገም ዝም እንዳለች፣ ዳኛውን የለም እንዳለቻቸው ሁሉንም ነገረቻቸው። አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

“እኔ አርባ ዓመት ነፍቻለሁ” አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። “አንድ ቀን በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብዬ አላውቅም። ሳልነፋ በፊት ገብቼ የሟቹን እግር እነካ ነበር። አንቺ የነካሽው መስታወት ነው።”

“አዎ ጋሼ።”

“ጣቱስ ይሁን፣ ጣት ይስታል። ያ ግጥም ግን ያንቺ ነው?”

“የኔ ነው።”

“ጓሮ ሆኜ ድምፅሽን እንጂ ቃሉን አልሰማሁም፤ በኋላ ነው ሰዎች የነገሩኝ። አፑ ከመጣ ወዲህ ስለ ጥሩምባዬ አንድ ሰው አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ‘የሰፈሩን ሞት ሲነግር ኖሮ’ ሲሉኝ፣ ለካ የሚያስታውስ አለ ብዬ ሦስት ሳምንት እሱን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ሞተሃል መባሉን ያስቻለኝ እሱ ነው። ውሸት ነበር?”

ካፈረችባቸው ቀኖች ሁሉ የዚህን ያህል ያፈረችበት አልነበረም። የሰደቧት ቢሆን ይቀላት ነበር።

“ለቅሶው ውሸት ነበር” አለች። “ግጥሙ ግን ውሸት አይደለም። እርስዎ ሲነፉ ነው ያደግሁት፤ የእናቴንም ሞት ሰፈሩ የሰማው ከእርስዎ ነው።”

ጋሽ ማንደፍሮ ሸሚዛቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው፣ በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩትን ቁልፍ አወጡ። እጇ ላይ አኑረው መዳፏን እሳቸው ናቸው ያጠፉላት።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ሲበጠስ እንዲህ ነው። አሰገደች እኔ ነኝ አለች፤ ጋሽ ማንደፍሮ ቁልፉን ሰጡ፤ ቁልፉ መጋዘኑን ከፈተ፤ መጋዘኑ ድንኳኑን አወጣ፤ ድንኳኑ ተዘርግቶ ጉባኤውን አስቀመጠ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም አሰገደች ቆማለች። በሁለት መቶ አርባ ሰው ፊት ተነስታ “የነካሁት እኔ ነኝ፤ አመድ ይሁን ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ሱራፌል አላጠፋም” አለች። ዘነቡ አፏን በእጇ ያዘች። ከኋላ የሳቁ ነበሩ፤ ከፊት ያልሳቁ ነበሩ፤ እነዚህኞቹ ይብሳሉ። የሱራፌል ሚስት ከተቀመጠችበት ሆና ለረጅም ጊዜ አየቻት፣ ከዚያ ለሱራፌል ወንበር ሳበችለት።

ከዚያ ጉባኤው ዳኛውን አዘዘ፤ ዳኛው ማኅተም መቱ፤ ማኅተሙን አይታ ቤዛዊት ቀለም ሰጠች፤ ቀለሙን ይዞ ሱራፌል ቀባ፤ ጥሩምባው ቀላ። ድንኳኑም አረንጓዴ ሆነ፣ ወንበሩም ቢጫ፣ ድስቱም ሰማያዊ። ሠርግ መሰለ ያለ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ማንደፍሮ የሚደርሳቸው መልእክቱ ብቻ ስለነበር ምልክቶቹን አይተው አያውቁም ነበር። ጉባኤው ሲበተን ወደ አሰገደች መጥተው “እስቲ አሳዪኝ” አሏት። ስልኳን ሰጠቻቸው። አራቅ፣ ቀረብ እያደረጉ አዩት። ያቺን ቀይ ጥሩምባ እንዳይነኳት በጣታቸው ከሩቅ ብቻ አመለከቷት።

“ይቺ ናት?”

“እሷ ናት፣ ጋሼ።”

“እንግዲህ የኔ ቀን ሲደርስ አንቺ ንኪያት” አሉ ስልኩን እየመለሱላት። “ለቅሶውን ግን ተዪው። አንዴ አልቅሰሽልኛል።”

ሲናገሩ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። አሰገደች ምሕረት ይሁን ወቀሳ መለየት አቅቷት “እሺ ጋሼ” ብቻ አለች። እሳቸው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። እሷ ድንኳኑ ሥር ቀርታ ወንበሮቹን ሰበሰበች።

እኔ ያወቅሁትን አወራሁ፤ የቀረውን የሚያውቅ ይጨምርበት።